ቀለም ያልቆጠረ ቴሌቪዥን

ባለቤቴ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ከዘራ ተደግፈው ድንኳናችን ገቡ። ገላን ኮንዶሚኒየም ከሕንጻችን ሥር የተተከለው ድንኳን ዝቅ ያለ ስለነበረ ጎንበስ ብለው ነው ያለፉት። ሌላው ሰው "ነፍስ ይማር" እያለ አለፍ ሲል እሳቸው እፊቴ ቆሙ፤ እጄን ያዙና "ዓይኔ" አሉኝ። "አይዞሽ፣ ዓይኔ።"

በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሴቶች ጉልበቴን እየደባበሱ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" አሉኝ። ለባሌ የማለቅስ መስሏቸው ነበር። ለእሱማ ሦስት ቀን አልቅሼለት ነበር። ያን ሰዓት ያለቀስኩት ከሐፍረት ነው።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ ደብተሩን እዘጋለሁ። አሁን አሁን የቅርብ ነገር ስለማይታየኝ የባለቤቴን መነጽር አድርጌ ነው። ሃያ ዓመት አብሮኝ ሲኖር ይህን ታሪክ አልነገርኩትም። ሌላውን ሁሉ ነግሬዋለሁ።

ያን ክረምት አስር ዓመቴ ነበር። አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ስትመጣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ይዛ ነው የምትገባው። የእናቴ ወንድም ደግሞ መርከበኛ ነው። በዓመት አንዴ ሲመጣ ቤታችን የማናውቀው አገር ሳሙና ይሸታል። በዚያ ዓመት ከሸሚዞቹ መሐል ጠቅልሎ በቴሌቪዥን የሚጫወቱት አንድ ጌም ይዞ መጣ። ጃፓን ወደብ ላይ ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር ነው የገዛው። ካሴቱ አንድ ብቻ ነበር። ካሴቱ ላይ ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ትንሽ ሰውዬ በድልድይ ላይ ባቡር ሲያባርር ተስሏል። ጽሑፉ ጃፓንኛ ስለሆነ የጌሙን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ከጌሙ ጋር ሁለት ነገር መጥቷል፦ የራሱ ትንሽ ጥቁር አዳፕተርና ጡብ የሚያህል ከባድ ትራንስፎርመር። አጎቴ ሌባ ጣቱን ቀስሮ ሦስት ጊዜ ነገረኝ። "የጃፓን መብራት መቶ ነው፤ የኛ ሁለት መቶ ሃያ። በዚህ በከባዱ በኩል ካልሆነ እንዳትሰኪው። ግድግዳ ላይ የሰካሽው ዕለት አበቃለት። ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

ሰምቼ ነበር። ይህ እንዲመዘገብብኝ እፈልጋለሁ።

ጌሙ ገና ሳይከፈት ለሙኒራ ነግሬያት ነበር። ሙኒራ የሰፈራችን ባለሱቅ ልጅ ናት፤ አባቷ ከስልጤ መጥተው በእኛ መንገድ ጥግ ላይ ሱቅ ከፍተዋል። እነሱ ቤት ጌም ከገባ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ከዱባይ የመጣ ነው። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ወረፋ ጠባቂ ነበርኩ። ስለዚህ የኛ ሲመጣ "ከናንተ ይበልጣል፣ ቀለሙ ዓይን ያጠፋል" ብዬ አወጅኩ።

ሲበራ ሥዕሉ አልቆም አለ። ከታች ወደ ላይ እየተጠቀለለ ይሸሻል። እናቴ ሳቀች፤ "የኛን ማሽን ነው የሚመስለው፣ ጨርቅ ሲጠቀልል።" አጎቴ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንዷን ቁልፍ ሲያዞር ሥዕሉ ቆመ፤ ግን ቀለም የለውም። ሰውየው ግራጫ፣ ባቡሩ ግራጫ፣ ሰማዩ ግራጫ። ቴሌቪዥናችን ደግሞ ባለቀለም ነው፤ ዜና ሲነበብ የአንባቢዋ ከንፈር ሳይቀር ቀይ ነው።

ሙኒራ በማግስቱ መጣች። ጃንጥላዋን ሳታጥፍ በር ላይ ቆማ አየችው።

"እንዴ! ጌምሽ ለቅሶ ላይ ነው እንዴ? ማን ሞተበት?"

"የኛ ይፈጥናል!" አልኳት። እውነቴን ነው። የነሱም ቤት ይኸው የባቡር ጌም አለ፤ ነገር ግን የነሱ ሰውዬ ከላይና ከታች በጥቁር መስመር ታጥሮ እያዘገመ ነው የሚሄደው፤ ዘፈኑም እንቅልፍ የመጣው ሰው የሚያዜመው ይመስላል። የኛ ግን ሽምጥ ይጋልባል። "ያንቺ ሰውዬ ሽማግሌ ነው!"

"ሽማግሌም ቢሆን ለብሶ ነው የሚሮጠው" አለች ሙኒራ። "ያንቺ ራቁቱን ነው።"

ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ነገረቻቸው። ውሃ ልቀዳ ስወጣ "ነፍስ ይማር!" ይሉኝ ጀመር። ዛሬ ያንን ቃል በየቀኑ እየሰማሁ ነው፤ ያኔም እንዲህ ያቃጥል ነበር።

አጎቴ ቴሌቪዥኑንም ጌሙንም በጋሪ ጭኖ ጋሽ ድንቁ ዘንድ ወሰደው። ጋሽ ድንቁ ጣቢያው አጠገብ በቆርቆሮ ሱቅ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ ነበር። ሱቃቸው የሚቀልጥ የብየዳ ሊድና የጋለ አቧራ ይሸታል። ከግድግዳው እስከ ጣሪያው ሆዳቸው የተዘረገፈ ራዲዮኖች ተሰቅለዋል። አጎቴ እንዳይጠፋበት ፈርቶ "እዚያው ሆነሽ ጠብቂው" አለኝ። ትምህርት ዝግ ነው። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ነው የዋልኩት።

ጋሽ ድንቁ መጀመሪያ ቀን የጌሙን ሥዕል አይተው ሳቁ። "ቀለሙ አለ" አሉኝ።

"የታለ?"

"ይኸው እየመጣ ነዋ። ግን ጃፓኖች ቀለማቸውን በራሳቸው ፊደል ነው የሚጽፉት። ያንቺ ቴሌቪዥን የተማረው ሌላ ፊደል ነው። እፊቱ ተጽፎለት ማንበብ አልቻለም። ቀለም ያልቆጠረ ቴሌቪዥን ነው፣ እንደኔ።" እሳቸው የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም፤ ሥራውን የለመዱት ከአንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ እግር ሥር ተቀምጠው ነው። ቁጥር ብቻ ያውቃሉ።

"የሚሮጠውስ ለምንድን ነው?"

"የጃፓኑ ጌም በሰከንድ ስልሳ ሥዕል ይስላል። ለኛ አገር ዓይነት ቴሌቪዥን የተሠራው ሀምሳ ነው። ሥዕል ሲያንስ ሰውየውም ይዘገያል።"

ስልሳና ሀምሳውን ረሳሁት፤ የያዝኩት ፊደሉን ነው። ያን ዕለት ምሽት የታናሽ ወንድሜን የፊደል ገበታ ብብቴ ሥር ደብቄ አደርኩና ጠዋት ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ጋሽ ድንቁ ሲገቡ ገበታው በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ተደግፏል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"እያስጠናሁት ነው።"

እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ከዚያ ግን ገበታውን አንስተው ርቀት ላይ ያዙት፤ እጃቸውን እስከሚችለው ዘረጉና ብዙ አዩት። አልሳቁም።

ምስጢራቸውን ያወቅኩት ከቀናት በኋላ ነው። አንዲት የስንዴ ፍሬ የምታህል ዕቃ ሰጡኝና "እስኪ ምን ይላል፣ ብርሃኑ ደከመ" አሉ። ከደጅ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። አነበብኩላቸው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። በመጨረሻ በሩን ገርበብ አድርገው እፊቴ ቁጢጥ አሉ።

"ስሚ፣ ልጄ። ከቅርብ ያለ ነገር ይጨፈግግብኛል። ቁጥሩ ጉንዳን ይመስለኛል። ይሄን ሰው ከሰማ ነገ ይህ ሱቅ የለም። ዓይኑ ያልጠራ ሠራተኛ ዘንድ ዕቃውን የሚያመጣ ማን ነው?"

"መነጽርስ?"

"ራሴን መነጽር አድርጎ ባየው እኔም ለራሴ ዕቃ አልሰጥም።" ከዚያ ትከሻዬን ያዙኝ። "አንቺ ዓይኔ ትሆኛለሽ። እሺ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ሆንኩ። ሊታወሩ ነው ብዬ ስላመንኩ መንገድ ላይ ቀድሜ እየሄድኩ ድንጋይ አነሳላቸው ነበር። ግን ባቡሩ ገና ከሩቅ ሲመጣ ከእኔ ቀድመው ያዩታል፤ በተራራው በኩል የምትወርድ ሴት የማን ሚስት እንደሆነች ይነግሩኛል። ይህ ግራ ገብቶኝ ዕውርነት ከቅርብ ጀምሮ ወደ ሩቅ የሚሄድ በሽታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ባለፈው ወር የባለቤቴን መነጽር ሳጠልቅ ፊደሉ ሁሉ ቁልጭ ሲል ነው እውነቱ የገባኝ። ዕድሜ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረባቸውም። አስፋልት ዳር ተዘርግቶ የሚሸጥ መነጽር ይበቃቸው ነበር።

ደንበኛ ባለበት ጊዜ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ማንበብ ስለማልችል ዘዴ አበጀን። ዕቃውን የማጫወት መስዬ አያለሁ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቴ እመታለሁ። ለሦስት ሦስት ጊዜ፣ ለአምስት አምስት ጊዜ። ለዜሮ በጥፍሬ ጫር አደርጋለሁ። እሳቸው መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከደንበኛው ጋር እየተጫወቱ በእጃቸው ያዳምጡኛል። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ "ይቺ ልጅ እጇ አያርፍም" ሲል ጋሽ ድንቁ "ዳንስ ትወዳለች" አሉት። ደንበኛው ሲወጣ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። በሕይወቴ እንደዚያ ክረምት አስፈልጌ አላውቅም።

ለኛ ቴሌቪዥን የሚሆነው መድኃኒት አንዲት ክሪስታል ነበረች፤ የጥፍር ያህል የብር ቆርቆሮ። የጃፓኑን ፊደል የምታስቆጥረው እሷ ናት። ከሞቱ ቴሌቪዥኖች ሆድ ውስጥ ሲፈልጉ፣ እኔም ሳነብ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንዷን አነሳሁና ጠረጴዛውን መታሁ። ሦስት። አምስት። ስምንት። ጋሽ ድንቁ ወሬያቸውን አቁመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ድገሚልኝ" አሉ። ደገምኩላቸው።

በማግስቱ በየዷት። ፍልሰታ ጾም ነበር። የጌሙን አዳፕተር በትራንስፎርመሩ በኩል ለብቻው ሞከሩት፤ ደህና ነው። የትራንስፎርመሩ ማዞሪያ "መቶ" ላይ መሆኑን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ትራንስፎርመሩን የላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጡት።

"አናየውም?" አልኩ።

"ባለቤቱ ሳይኖር የተሠራ ዕቃ አላበራም። ደንቤ ነው። ነገ አጎትሽ ባለበት። እንዳትነኪው።" ነጠላቸውን ለብሰው ቅዳሴ ሄዱ።

ሙኒራ ወዲያው መጣች። ጋሽ ድንቁ ሲወጡ አይታ ሳይሆን አይቀርም።

"ተሠራ?"

"ተሠርቷል።"

"እስኪ አሳዪኝ።"

"ነገ።"

"ነገ፣ ነገ! ቀለም የለውማ። ሽማግሌው አልቻሉበትም፣ አባዬም ብሏል።"

ትራንስፎርመሩን አየሁት። ወንበር ላይ ብወጣም አልደርስበትም። የግድግዳው ሶኬት ግን ጉልበቴ አጠገብ ነበር። አጎቴ የቀሰረው ጣት ታየኝ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ምን ይሆናል ብዬ ሰካሁት።

ቀለሙ መጣ።

ሸሚዙ ቀይ ነበር። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ድልድዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ፣ የባቡሩ ጭስ ነጭ። ሰውየው በዚያ ፍጥነቱ፣ በዚያ ቀለሙ ሮጠ። ሙኒራ አፏን ያዘች። እስከ አስር የሚቆጠርበት ጊዜ ያህል ነው። ከዚያ አዳፕተሩ እንደ ንብ ጮኸ፤ ሥዕሉ ጠፋ፤ ቀጭን ጭስ ወጣ። የቀለጠ ላስቲክና የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ። ነቀልኩት፤ እጄን ፈጀኝ።

"አንቺ ነሽ" አለች ሙኒራ፤ ሮጣ ወጣች።

በሩን ከፈትኩ፣ በነጠላዬ አራገብኩ፣ አዳፕተሩን እንደነበረ አስቀመጥኩት። ጋሽ ድንቁ እስኪመለሱ ዝናቡ ሽታውን ወስዶታል፤ የሱቁ የራሱ ሽታም ረዳኝ።

በማግስቱ አጎቴ መጣ። ሌሎች ሦስት ደንበኞችም ነበሩ፤ ጋሽ ድንቁ እንዲያዩላቸው ፈልገው በር ላይ አቆይተዋቸዋል። ትራንስፎርመሩን አወረዱ፣ ሰኩ፣ ቁልፉን ተጫኑ። ምንም። ደገሙ። ምንም። አዳፕተሩን ሲፈቱት ውስጡ ከሰል ሆኗል።

"ጋሽ ድንቁ" አለ አጎቴ፣ "በሁለት መቶ ሃያ ሰክተውት ነው እንዴ?"

"እኔ? የለም። መቶ ላይ አድርጌ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

እርግጠኛ ሊሆኑ አይችሉም፤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኛ። ወደ እኔ ዞር አሉ። ዛሬ ሳስበው እርዳታ ነው የፈለጉት። ያኔ ግን "ማን ነካው?" ሊሉኝ መሰለኝና ቀደምኳቸው።

"ጋሽ ድንቁ ቁጥር አይታያቸውም። እኔ ነኝ የማነብላቸው። ትናንት ግን አላነበብኩላቸውም።"

ሁለቱ እውነት ነበሩ። ሦስተኛውን ውሸት ተሸክመው ያሻገሩት እነሱ ናቸው።

አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተናዶ ነበር እንጂ። ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ዕቃ አንስቶ "ይቺ ስንት ትላለች፣ ጋሽ ድንቁ?" አለ። ደንበኞቹ ቀረብ አሉ። ጋሽ ድንቁ ዕቃዋን ተቀበሉ። ወደ ፊታቸው አላመጧትም፤ እጃቸውንም ዘርግተው አላራቋትም። ሌላኛውን መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ጠበቁ።

ዕቃዋ ከእኔ በኩል ትታየኝ ነበር። ሁለት፣ ሁለት፣ ዜሮ። ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ አንዴ ጫር ማድረግ ብቻ ነው።

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

መዳፋቸው ብዙ ጊዜ እዚያው ቆየ። ከዚያ አነሱትና "አይታየኝም" አሉ። አንደኛው ደንበኛ ራዲዮኑን ከመደርደሪያው አንስቶ ወጣ።

እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ሱቁ ተዘጋ። ጋሽ ድንቁ አንዱ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ከሩቅ የሚመጣን ሰው እንደሳቸው የሚለይ የለም ይባል ነበር። እኔ ያንን በር ላለማለፍ በጭቃው በኩል ዞሬ እሄድ ጀመር። አንዳንዴ ሳላስበው ስንገጣጠም እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ጎጇቸው ያዞራሉ፤ ተቀይመውኛል እል ነበር። ሙኒራ ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ዳግመኛ ለጌም አልጠራችኝም። አጎቴ መርከቡ ላይ ተመለሰ። ጌሙ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጦ ኖረና ማን እንደጣለው አላውቅም።

የባለቤቴ አርባ ከወጣ በኋላ አቃቂ ሄድኩ። ጋሽ ድንቁ ያው የድሮው ቤታቸው ናቸው። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አጠገባቸው ካለው ግድግዳ ላይ የሚስታቸው የእትዬ ዘነበች ፎቶ አለ፤ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

"መጣሽ፣ ዓይኔ" አሉኝ። "ድንኳኑ ውስጥ ቀና አላልሽልኝም። አልፈረድኩብሽም። የአጎትሽን ዕቃ ያቃጠልኩ ሰው ነኝ፤ እኔም ስንት ዓመት አይቼሽ የምዞረው አፍሬ ነው።"

የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋኝ። ጥቁር ቀሚሴን ጨብጬ ተናገርኩ። ሶኬቱን፣ ሙኒራን፣ መቶ ብዬ ማንበቤን፣ እጄን መደበቄን ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውም፣ አልነገሩኝም። ስጨርስ ሁለት እጃቸውን አንስተው አገላብጠው አዩዋቸው።

"እንግዲያ እጄ አልሳተም" አሉ።

"አልሳተም፣ ጋሼ።"

"ዘነቡ 'አንተ አይደለህም' ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት።"

ነገር ይዞ የሚነግሩትን ሰው ማጣት ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

"ቀለሙስ?" አሉኝ ድንገት።

"ምን አሉኝ?"

"ክሪስታሏ። ግድግዳው ላይ ስትሰኪው፤ ቀለሙ መጣ ወይስ አልመጣም?"

ይህን ሁሉ ዓመት ሳያውቁት መኖራቸው አንድም ቀን አልታሰበኝም።

"መጥቶ ነበር፣ ጋሼ። እስከ አስር ቢቆጠር ነው። ሸሚዙ ቀይ ነበር።"

"ቀይ?"

"ቀይ።"

መነጽራቸውን አጠለቁና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"ሰማሽ፣ ዘነቡ?" አሏት። "ቀይ ነበር አለች።"